የኤልኢዲ አምፖል ዕድሜው እንዲረዝም እንዴት እንጠቀምበት?

ካርቶኑ ላይ 25,000 ሰዓት ይላል። በቀን 5 ሰዓት ለሚያበራ ሰው ከ13 ዓመት በላይ ነው። ታዲያ ዓመት ሳይሞላው የሚቃጠለው ለምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የሚገድሉት ሙቀትና የመብራት መዋዠቅ ናቸው። በነገራችን ላይ ይህ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑ ወደ 70 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ያለውን ነው የሚቆጥረው።

1. አየር እንዲያገኝ አድርጉ። ኤልኢዲ ብርሃኑ ባይፋጅም አንገቱ ይግላል። እዚያ ውስጥ ካፓሲተር የምትባል ትንሽ ዕቃ አለች፤ ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትሞተው እሷ ናት። ሙቀቷ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜዋ በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ድፍን የመስታወት ክዳን ውስጥ አትግጠሙት፤ ግድ ከሆነ ዋቱ አነስ ያለውን ግዙ።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ይህ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ብርዱ ራሱ ያግዛችኋል። ጣርማ በርን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ግን ሌላ ዓለም ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የጠበሰው ቆርቆሮ ሥር፣ ኮርኒስ ውስጥ የተቀበረ አምፖል ማታም አይተነፍስም። ለቆላ ቤት ከኮርኒሱ ወጣ ብሎ የሚታሰረው ይሻላል።

2. መብራት ሲጠፋ ማጥፊያውን ዝጉ። ሲመለስ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ሊል ስለሚችል ጥቂት ደቂቃ ታገሡ። ወፍጮ ቤት ወይም ብየዳ ቤት አጠገብ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ስትገዙ አምፖሉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ከ85 እስከ 265 ቮልት የሚል ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ፤ የእኛ መስመር 220 ቢሆንም ሁልጊዜ 220 ላይ አይረጋም።

3. ማብራት ማጥፋቱን አትፍሩ። «ቶሎ ቶሎ ካጠፋኸው ይቃጠላል» የሚባለው ከፍሎረሰንት ዘመን የቀረ ነው። ከክፍሉ ስትወጡ አጥፉት፣ አለቀ።

4. ኩሽና ያለውን አጽዱ። የጭስ ጥላሸት ብርሃኑን ይጋርዳል፣ ሙቀቱንም ያፍናል። አጥፍታችሁ፣ ሲቀዘቅዝ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት።

5. ብልጭ ድርግም ካለ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱና አምፖሉን ጠበቅ አድርጉ። አጥፍታችሁት ጨለማ ውስጥ ጭል ጭል የሚል ከሆነ ደግሞ ማጥፊያው ኃይል በሚያመጣው ሽቦ (በፌዙ) ፋንታ የመመለሻውን ሽቦ (ኒውትራሉን) እየቆረጠ ሊሆን ይችላል። ይሄ ለነፍስም አደገኛ ስለሆነ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

6. ሲጠፋ ወዲያው አትጣሉት። ሌላ ክፍል ውስጥ ሞክሩት። እዚያ ከበራ ችግሩ መያዣው ወይም መስመሩ ነው። አንድ ቦታ ላይ በላይ በላዩ የሚቃጠል ከሆነም መስመሩን ሳታስፈትሹ አዲስ አምፖል አትግዙ።