ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ማዳበሪያ፦ የቤት ቆሻሻን እንዴት በግማሽ መቀነስ ይቻላል?

አዲስ አበባ ውስጥ ቆሻሻ የምናጠራቅምበትን ጆንያ «ማዳበሪያ» እንለዋለን። ስሙ የመጣው ድሮ ይዞት ከነበረው ነገር ነው። ሳናውቀው ግን ስሙ እውነት ሆኗል። ጆንያውን ገልብጣችሁ ብታዩት ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የድንች ቅርፊት፣ የቡና አተላና የተረፈ ምግብ ነው። ማዳበሪያ ማለት ይኸው ነው። እኛ ግን ከፌስታልና ካለቀ ባትሪ ድንጋይ ጋር ለውሰን፣ እስኪሸት አቆይተን፣ በመኪና አስጭነን እንሸኘዋለን።

የሚሸኝበትን ቦታ ሁላችንም እናውቃለን። ቆሼ ላይ ለአሥርት ዓመታት የተከመረው ቆሻሻ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል። እዚያ ከተከመረው ውስጥ የኔም የሽንኩርት ልጣጭ አለበት። ደግሞ እርጥብ ነገር አየር በሌለበት ታፍኖ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የከፋ ነው።

አካባቢን ስለመጠበቅ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው የፀሐይ ኃይልና የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ገንዘቡ ላለው ጥሩ ነው። እኔ በዋናነት የምነግራችሁ ግን አንድ አሮጌ ባልዲና ሦስት ወር ትዕግሥት ብቻ የሚጠይቀውን ነው፤ የወጥ ቤቱን ልጣጭ አብላልቶ ብስባሽ፣ ማለትም የተፈጥሮ ማዳበሪያ ማድረግን።

1. መጀመሪያ ጆንያውን እዩት

ለአንድ ሳምንት ምንም አትለውጡ። የምትጥሉትን ብቻ ልብ በሉ።

እኔን ያስደነገጠኝ ልጣጩ አልነበረም፤ እንጀራው ነው። ሻግቶ የሚጣል እንጀራ። በዚህ የጤፍ ዋጋ! እናቶቻችን ለዚህ መላ ነበራቸው። ሳይሻግት በፊት ቆራርሰው ሰፌድ ላይ ፀሐይ ያሰጡታል፤ ድርቆሽ ይሆናል። በደንብ ከደረቀና እርጥበት ካልነካው ወራት ይቆያል፤ ለፍርፍር ደግሞ ከእርጥቡ ይልቅ እሱን የሚወዱ አሉ። ስለዚህ እንጀራው ሦስተኛ ቀኑን ሲይዝ «ይበላል ወይስ ይሰጣ?» ብላችሁ ወስኑ። ሻጋታ ካያችሁ ግን ጠርጋችሁ ልብላው አትበሉ።

2. እርጥቡንና ደረቁን ለዩ

ሁለት ዕቃ ይበቃል። ለእርጥቡ ክዳን ያለው ትንሽ ባልዲ ወጥ ቤት አስቀምጡ። ለደረቁ ያው ጆንያው አለ።

እርጥቡ ውስጥ የአትክልትና የፍራፍሬ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የሻይ ቅጠል፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የጠወለገ አበባ ይገባል። ሥጋ፣ አጥንት፣ ወተት፣ አይብና ዘይት የበዛበት ወጥ አይገባም፤ አይጥ ይጠራል። አጥንቱን ለሰፈሩ ውሻ መስጠታችሁን ቀጥሉ።

ከባዱ ሥራ መለየቱ ሳይሆን የቤቱን ሰው ሁሉ ማስለመድ ነው። ልጆች ቶሎ ይለምዳሉ፤ እንዲያውም ተቆጣጣሪ ይሆናሉ። እንግዳ ግን የማስቲካ ወረቀቱን እርጥቡ ላይ ጣል አድርጎ ይሄዳል። ምን ይደረግ፤ ትለቅሙታላችሁ።

3. ብስባሹን ሥሩ

ዋናው ይህ ነው፤ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ሃያ ሊትር የሚይዝ የቀለም ባልዲ ወይም የተሰነጠቀ የውሃ በርሜል ፈልጉ። የቀለም ባልዲ ከሆነ በደንብ እጠቡት። ሥሩንና ጎኑን በምስማር ብሱት፤ አየር የሚገባውም ትርፍ ውሃ የሚወጣውም በዚያ ነው። ከዚያ ሁለት ድንጋይ ላይ አስቀምጡትና ከሥሩ አሮጌ ትሪ አድርጉ። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ ትሪውን እንዳትረሱት። ከታች ያለው ጎረቤት ልብስ ያሰጣል።

ታችኛውን አራት ጣት ያህል በደረቅ ነገር ሙሉት። ደረቅ ስል የረገፈ ቅጠል፣ ገለባ፣ የተቀዳደደ ካርቶን ወይም ሰጋቱራ ማለቴ ነው። ሰጋቱራ ከእንጨት ሥራ ቤት በቀላሉ ይገኛል። የጣውላ መሆኑን ብቻ ጠይቁ፤ የኤምዲኤፍና የቺፑድ ሰጋቱራ ሙጫ አለበት። የባህር ዛፍ ቅጠልም ይቅርባችሁ፤ ቶሎ አይበሰብስም፣ ለቡቃያም አይስማማም።

ከዚያ በየቀኑ የሚጠራቀመውን እርጥብ ቆራርጣችሁ ጨምሩ። አንድ ሳህን እርጥብ በጨመራችሁ ቁጥር ሁለት ወይም ሦስት ሳህን ደረቅ ከላይ አልብሱት። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። መጀመሪያ ላይ አንድ ሁለት እፍኝ የጓሮ አፈር ጣል አድርጉበት፤ የሚያብላሉት ጥቃቅን ነፍሳት ከአፈሩ ጋር ይገባሉ። እበት ካገኛችሁማ ምን ትፈልጋላችሁ! ጫት የሚቅም ጎረቤት ካለ ገረባውንም ተቀበሉት፤ ለስላሳውን ከትፋችሁ ጨምሩ። ዱላ ዱላውን ተዉት፣ ዓመት ይፈጃል።

እርጥበቱን በእጃችሁ ፈትሹ። አንድ እፍኝ ዘግናችሁ ጨመቅ ስታደርጉት አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣው ልክ ነው። ውሃ ከፈሰሰው በዝቷል፤ ደረቅ ጨምሩ። ጭራሽ ካልረጠበና ጉንዳን ከወረረው ደርቋል፤ ውሃ እርጩበት። በሳምንት አንድ ጊዜ በእንጨት ከታች ወደ ላይ አገላብጡት። ክረምት ላይ ባልዲውን ጣሪያ ሥር አስገቡት፤ በጋ ላይ ደግሞ ጥላ ያለበት ይሁን።

የመጀመሪያው ባልዲዬ የተበላሸው ይህን ሁሉ ባለማወቄ ነው። ሰጋቱራ የለ፣ ካርቶን የለ፣ ልጣጭ በልጣጭ ላይ ከመርኩ። ወሩ ሐምሌ ነበር፤ ክዳንም አልነበረውም። በሁለተኛው ሳምንት ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት በሩን አንኳኩተው «ልጄ፣ ምን ሞቶብሽ ነው?» አሉኝ። አፈርኩ። ብስባሽ እንዲህ የሚሸተው አየር ሲያጥረውና ውሃ ሲበዛው ነው። በትክክል ከተሠራ አይሸትም። በነጋታው ሁለት ጆንያ ሰጋቱራ ይዤ መጣሁ፤ ደህና አድርጌ ሳገላብጠው በአራት ቀን ሽታው ጠፋ። ዝንብ ከመጣም መድኃኒቱ ያው ነው፤ እርጥቡ በደረቁ ሳይሸፈን አይደር።

ባልዲው ሲሞላ መጨመሩን አቁማችሁ ሌላ ጀምሩ። የሞላው፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ቀዝቃዛ አየር፣ ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል። ቆላ ከሆናችሁ ቶሎ ይደርሳል። መድረሱን በአፍንጫችሁ ታውቁታላችሁ፤ ዝናብ የመታው አፈር ይሸታል። ጠቆር ይላል፣ ፍርክስክስ ይላል፣ የቱ ሽንኩርት የቱ ድንች እንደነበረ አይለይም። ከእንቁላል ቅርፊቱ በስተቀር፤ እሱ ግትር ነው።

ብቻውን አትትከሉበት። አንድ እጅ ብስባሽ ከሦስት እጅ አፈር ጋር ቀላቅሉ። አሮጌ ጀሪካን በቁመቱ ቀዳችሁ፣ ሥሩን በስታችሁ ሙሉትና በረንዳ ላይ አድርጉት። ለጀማሪ ቆስጣ ይሻላል፤ ውጭ ውጭውን እየቀነጠባችሁ ደጋግማችሁ ትበሉታላችሁ። ጎን ለጎን ጤና አዳም ትከሉ፤ ለቡና። የጥብስ ቅጠልም ብዙ ውሃ አይፈልግም። መትከል የማይሆንላችሁ ከሆነ ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ድፉት፤ ዛፉ ያውቅበታል።

4. ደረቁን ለባለሙያው

አሁን ጆንያው ውስጥ የቀረው አይሸትም፤ ስለዚህ ይለቀማል። «ቁራሌው!» እያለ በሰፈሩ የሚዞረው ሰው ብረት፣ ቆርቆሮ፣ ጠርሙስ፣ ጀሪካንና ሃይላንድ ይወስዳል። (የፕላስቲክ ውሃ ሁሉ ሃይላንድ ሆኖ ቀርቷል። መጀመሪያ የለመድነው ስም ማን ያስለቅቀናል?) አሮጌ ልብስና ጫማ ደግሞ «ልዋጭ!» ሲባል አውጥታችሁ በሳህን ትቀይራላችሁ። ሪሳይክል የሚለው ቃል አገራችን ሳይገባ እነዚህ ሰዎች ሥራው ላይ ነበሩ። ከሽሮ ጋር የተለወሰ ጠርሙስ አትስጧቸው። ለቅለቅ አድርጉት፣ ሃይላንዱን ጨምድዱት። የተሰበረ ብርጭቆ በካርቶን ጠቅልላችሁ ለብቻው አድርጉ፤ ጆንያውን የሚያነሣው ልጅ ብዙ ጊዜ ጓንት የለውም።

5. ፌስታል

ሕጉ አዲስ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር ያልበለጠ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ማን ሰማው? በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ የጠነከረ አዋጅ አጽድቆ መጠቀሙንም ጭምር ከልክሏል። ቅጣቱን ከመጠበቅ ልማዱን መቀየር ይቀላል።

ዘንቢል አውጡ። የተጣጠፈ የጨርቅ ቦርሳ ደግሞ ሁልጊዜ በእጅ ቦርሳችሁ ይኑር፤ ቲማቲም የምንገዛው አስበንበት ሳይሆን ከሥራ ስንመለስ መንገድ ላይ አይተን ነው። ሥጋ ቤት ክዳን ያለው ሳህን ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ቀን ያዩአችኋል፤ በሦስተኛው «ሳህኑን ወዲህ በይ» ይሏችኋል። አንድ ማሳሰቢያ፦ ሱቅ የሚሸጡት ጨርቅ መሳይ ከረጢቶች አብዛኞቹ ፕላስቲክ ናቸው። ደጋግማችሁ ከተጠቀማችሁበት ደህና ነው። በየሳምንቱ አዲስ ከገዛችሁ ግን ወፍራም ፌስታል ገዛችሁ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ከሰል በፌስታል አታቀጣጥሉ። እውነት እንነጋገር፤ የማያደርገው ቤት ጥቂት ነው። ጭሱ መርዛም ነው፤ ቡናው ዙሪያ ደግሞ ልጆች ተቀምጠዋል። የብርቱካን ልጣጭ አድርቃችሁ አስቀምጡ። ቅርፊቱ ዘይት ስላለው እየተንጣጣ ይያያዛል፤ ሽታው ራሱ ዕጣን ነው።

ኅዳር 12 ቀንም እንዲሁ። ኅዳር የሚታጠነው በ1911 ዓ.ም. ሕዝቡን የጨረሰውን የኅዳር በሽታ በማሰብ ነው። ያኔ የሚቃጠለው ቅጠላ ቅጠልና ጉድፍ ነበር፤ ፌስታል የሚባል ነገር አልነበረም። ዛሬ ጎማና ፕላስቲክ ተቃጥሎ ከተማው ሲጨልም አስሙ ያለበት ሰው ነው የሚሠቃየው። ሰፈራችሁን ጥረጉ፤ ቅጠሉን ወደ ባልዲው፣ ፕላስቲኩን ወደ ጆንያው። ማጠን ካማራችሁ ዕጣን አለ።

6. እሳትና መብራት

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከቤታችን ዕቃ ሁሉ በላተኛው ነው፤ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል። እስኪግል የሚፈጀው መብራት ለአምስት እንጀራም ለሃያ እንጀራም ያው ነው። ስለዚህ የሳምንቱን በአንዴ ጋግሩ። የመጨረሻው ሁለት እንጀራ ሲቀር ሶኬቱን ንቀሉት፤ የጋለው ምጣድ ያበስለዋል። እሱም ካለቀ በኋላ በሚተርፈው ግለት ድርቆሹን አስጡበት።

ሽምብራና ባቄላ ማታ ዘፍዝፋችሁ እደሩ፤ የመቀቀያው ጊዜ በጣም ያጥራል። ከሰል የግድ ከሆነ ላቀች የሚባለው ቆጣቢ ምድጃ ከቆርቆሮው ምድጃ በግምት ሩብ ያህል ከሰል ያተርፋል። የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውሃ ስለሚመነጭ ግን መብራት ባለ ሰዓት ከሰሉን መተዉ ነው የሚሻለው። የሚጾም ሰው ደግሞ በዓመት ከመቶ ሰማንያ ቀን በላይ ሥጋና ወተት ሳይነካ ይኖራል። ምስርና ሽሮ ከሥጋ ይልቅ ለምድር እንደሚቀሉ ዓለም ገና አሁን እየተነጋገረበት ነው።

7. ውሃ

በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ለምደን ቁጠባውን ተክነነዋል፤ ጎመን የታጠበበትን ለአትክልቱ መድፋትን እኔ አላስተምራችሁም። የማይታየው ብክነት ያለው ሽንት ቤት ነው። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ቀዝቃዛ ውሃ የሽንት ቤቱ ታንከር ውስጥ ጨምሩ። አትልቀቁት፣ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከቀላ የታንከሩ መዝጊያ ጎማ አልቋል፤ ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ያለ ድምፅ ይሄዳል ማለት ነው። ጎማውን መቀየር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ አሮጌውን ይዛችሁ ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሂዱ፣ ልኩ የተለያየ ነው።