ፍሬን በታመመ ቁጥር ፓድ መቀየር እና ሌሎች የምንደጋግማቸው ስህተቶች

ፍሬን ጮኸ ሲባል ፓድ (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ከሁለት ጎን ጨብጦ የሚያቆመው ሸራ)፣ ፍሬን ሳበ ሲባል ፓድ፣ ፔዳሉ ወረደ ሲባልም ፓድ። ብዙ ሰው በስም የሚያውቀው የፍሬን ዕቃ እሱ ስለሆነ ነው መሰለኝ ጥፋቱ ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚላከከው። እኔም አንድ ሰሞን ፍሬን ስይዝ መኪናዬ ወደ ግራ እየሳበኝ ሁለቴ የፊት ፓድ ቀየርኩ፣ ሁለቴም ለጥቂት ቀን የተሻለው መሰለኝ (ብር ያወጣንበት ነገር ሁሌ የተሻለ ይመስለናል)፣ በመጨረሻ ጥፋቱ የተገኘው የቀኙ ጎማ የፍሬን ቱቦ ላይ ነው። ከውጪ ምንም አይልም፣ ውስጡ ግን አብጦ ዘግቷል። እኔ እኮ ግራውን ነበር ስፈታ የከረምኩት።

የመጀመሪያው ስህተት እንግዲህ ይሄው ነው፣ መኪናው የሳበበትን ጎማ መክሰስ። ፍሬን ስትይዙ መኪናው የሚዞረው በደንብ ወደያዘው ጎማ ነው፣ ስለዚ ወደ ግራ ከሳበ ግራው ስራውን እየሰራ ነው፣ ሰነፉ ቀኙ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። ቀድማችሁ ተቃራኒውን እዩ። ግን ፔዳሉን ሳትነኩም የሚስብ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፣ ያኔ የሳበበት በኩል ፍሬኑ አልለቅ ብሎ ነው። ይሄን ለማወቅ ፍሬን ብዙ ሳትይዙ ትንሽ ነድታችሁ አቁሙና እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ጠጋ አድርጉ፣ አትንኩት ያቃጥላል፣ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ወይ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ አገኛችሁት።

ያልለቀቀውን ጎማ ደግሞ ካሊፐሩ (ፓዱን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ዕቃ) ነው ብሎ ዘሎ መግዛት ሌላ ስህተት ነው። መኪናውን በክሪክ አንስታችሁ፣ በደንብ ደግፋችሁ፣ ካሊፐሩ ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ብሎን ትንሽ ላላ አድርጉት። የፍሬን ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው መዞር ከቻለ ውስጥ የታፈነ ግፊት ነበር ማለት ነው፣ ጥርጣሬው ወደ ቱቦው ወይ ወደ ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ዕቃ) ይሄዳል። ያበጠ ግን ሙሉ በሙሉ ያልዘጋ ቱቦ የእግራችሁ ጉልበት ሲገፋው ዘይት ያሳልፋል፣ ለመመለስ ግን የሚገፋው ስለሌለ እዛው ይቀራል። ብሎኑ ላልቶም ጎማው ካልዞረ ያኔ ፓዱን የሚገፋው ፒስተን ወይ የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒን ደርቋል። የአምስት ደቂቃ ስራ ነው፣ ካሊፐር ከመግዛት ያድናችኋል። ብቻ ስትጨርሱ አየር አስወጥታችሁ ዘይቱን ማስተካከል አትርሱ።

ፔዳል ላይ ስንመጣ ሰው ሁሉንም ነገር "ፍሬኑ ለሰለሰ" ብሎ ይጠቀልለዋል፣ መካኒኩም ያንኑ ሰምቶ አየር ያስወጣል፣ አበቃ። ግን እግራችሁ ስር የሚሰማው ነገር አንድ አይነት አይደለም እኮ። እንደ ስፖንጅ እየተለጠጠ የሚሄድ እና ደጋግማችሁ ስትረግጡት የሚሻሻል ፔዳል አብዛኛውን ጊዜ አየር ነው። ከኋላ በዲስክ ፈንታ ታምቡር (ሸራው ከውስጥ የሚይዘው ከበሮ) ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ሸራው ርቆ አለመስተካከሉም መጀመሪያ ላይ ዝቅ ብሎ በሁለተኛው ርግጫ ከፍ የሚል ፔዳል ይሰጣል። መብራት ላይ ቆማችሁ እግራችሁን ሳታነሱ ቀስ እያለ እየሰመጠ የሚሄደው ሌላ ነው፣ ዘይት ውጪ ካልፈሰሰ የማስተሩ የውስጥ ጎሚኒ ዘይቱን ወደ ኋላ እያሳለፈ ነው፣ እሱ ላይ አየር ብታስወጡ ብታስወጡ ለውጥ የለም። ሶስተኛው እንደ ድንጋይ የሚጠነክረው ነው፣ በሁለት እግር ካልቆማችሁበት መኪናው አይቆምም። እሱን በሰርቮ (የእግራችሁን ጉልበት የሚያግዘው ዕቃ) ጠርጥሩት። ሞተር አጥፍታችሁ ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ፣ እግራችሁን እዛው ይዛችሁ ሞተር አስነሱ፣ ፔዳሉ ትንሽ ወረድ ማለት አለበት። ካልወረደ ወደ ሰርቮ የሚሄደውን የቫኪዩም ቱቦ እና ቫልቩን ከሰርቮው በፊት እዩ፣ አንዳንዴ ጥፋቱ ያቺ የተሰነጠቀች ቱቦ ብቻ ትሆናለች። እና በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ ፔዳሉ እግር ስር ድድድድ ካለ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ስራውን እየሰራ ነው፣ አትደንግጡ፣ እግራችሁንም አታንሱ።

የፍሬን ዘይት ጎደለ ብሎ መሙላት። ይሄ ጥንቃቄ ይመስላል፣ ግን መልዕክቱን ማጥፋት ነው። ፓድ ሲያልቅ ፒስተኑ ወደ ውጪ ይወጣል፣ የወጣበትን ቦታ ዘይት ይሞላዋል፣ ስለዚ የዘይት ማስቀመጫው ላይ ያለው ዘይት ቀስ በቀስ መውረዱ ፓድ እያለቀ ነው እያላችሁ ነው። ሞላችሁት እንበል፣ አዲስ ፓድ ስትገጥሙ ፒስተኑ ወደ ኋላ ሲገፋ ዘይቱ ሞልቶ ይፈሳል፣ የነካውን ቀለም ደግሞ ይልጠዋል። ቶሎ ቶሎ ከጎደለ ግን ልቅታ አለ፣ ከጎማ ጀርባ፣ ከታምቡር ውስጥ፣ ደግሞም ማስተሩ ከሰርቮ ጋር የሚገናኝበት ጋር እዩ፣ እዛ ጋር ወደ ሰርቮው ውስጥ ስለሚገባ መሬት ላይ ጠብታ አታገኙም።

ዘይቱ ራሱ ያረጃል፣ ይሄን ስንቱ ሰው ነው የማያውቀው። የተለመደው የፍሬን ዘይት ውሃ ከአየር ይስባል፣ ውሃ ሲገባበት የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት 3 የሚባለው የዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው መፍላት ያለበት፣ ውሃ ሲይዝ ግን መስፈርቱ 140 ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155፣ ዶት 5.1 ከ260 ወደ 180። ረጅም ቁልቁለት ላይ እግሩን ፍሬን ላይ ጥሎ የሚወርድ ሰው ዘይቱን ያፈላዋል፣ የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፣ ፔዳሉ መሬት ይነካል። እኛ "ፍሬን በጠሰ" እንላለን፣ አንዳንዴ ግን ምንም የተበጠሰ ነገር የለም፣ ሲቀዘቅዝ ፍሬኑ ተመልሶ ይሰራል፣ መካኒኩም ፈልጎ ፈልጎ ምንም ያጣል። ብዙ አምራቾች በ2 አመት ቀይሩ የሚሉት ለዚህ ነው፣ ቁልቁለት ላይም በከባድ ማርሽ ውረዱ የሚባለው ለዚሁ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ አትጠቀሙ። ዶት 5 እና ዶት 5.1 በስም ይመሳሰሉ እንጂ ዶት 5 ሲሊኮን ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። የሞተር ዘይት ወይ የመሪ ዘይት በስህተት ከገባማ ጎሚኒዎቹን ሁሉ ያሳብጣቸዋል፣ ያኔ ማጠብ ብቻ አይበቃም፣ ጎሚኒ ያለበት ዕቃ በሙሉ ይቀየራል።

ፓዱን በቸርኬው ቀዳዳ አይቶ "ገና ነው" ማለት። የሚታያችሁ የውጪው ነው። ፒስተኑ የደረቀ ካሊፐር ላይ የውስጡ ብረት ላይ ደርሶ የውጪው ግማሽ ሊሆን ይችላል። ጎማው ይፈታና ሁለቱም ይታዩ፣ 3 ሚሊሜትር አካባቢ ከደረሰ ጊዜው ነው። አንዱ ከሌላው በጣም ከበለጠ ወይ ሰያፍ ከተበላ ግን አዲስ ፓድ መግጠሙ ብቻ መፍትሄ አይደለም፣ አዲሱንም እንደዛው ይበላዋል።

መሪ ሲንቀጠቀጥ "ዲስኩ ጠመመ" ይባልና ሊላግ ቶርኖ ቤት ይኬዳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያንቀጠቅጠው የዲስኩ ውፍረት ዙሪያውን እኩል አለመሆኑ ነው፣ በዓይን የማይታይ በመቶኛ ሚሊሜትር የሚቆጠር ልዩነት ይበቃዋል። መነሻው ደግሞ ዲስኩ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ያለ ዝገት ወይ እኩል ያልጠበቁ የጎማ ብሎኖች ሊሆኑ ይችላሉ፣ ያን ሳታጸዱ አዲስ ዲስክ ብትገጥሙ ከትንሽ ጊዜ በኋላ ይመለሳል። ዲስኩ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት ተቀርጾ ታገኛላችሁ፣ ከዛ በታች የሚያወርድ ቶርኖ አታስነኩት።

አሁን ግዢው። ሻጭ "ኦርጅናል ነው" ሲል ደረጃ እየነገራችሁ አይደለም፣ ቃል ነው በቃ። ካርቶኑን ተዉትና ፓዱን ራሱን አገላብጡት። ብረቱ ላይ ክብ ውስጥ ያለች ኢ ፊደል ከቁጥር ጋር እና ከጎኗ 90 አር የሚል ካለ በተባበሩት መንግስታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 90 ተፈትኖ ያለፈ ነው ማለት ነው፣ ደንቡ ምትኩ ፓድ የመያዝ አቅሙ ከመጀመሪያው ከ15 በመቶ በላይ እንዳይርቅ ይጠይቃል። እዚ ጋር ሰው የሚሳሳተው፣ ኢ1 ሲያይ የጀርመን ስሪት ነው ይላል፣ ኢ3 ሲያይ የጣልያን። አይደለም፣ ፈቃዱን የሰጠችው አገር ናት እንጂ የተሰራበት አይደለም። ምልክቱም ሊገለበጥ ይችላል፣ ስለዚ አሰራሩን እዩ፣ ጠርዙ የሚፈረፈር፣ ሸራው ከብረቱ ጋር ክፍተት ያለው፣ ካርቶኑ ላይ ፊደል የተሳሳተ፣ ቁጥሩ ከካርቶኑ የማይገጥም ከሆነ መልሱት።

አንዳንዱ ፓድ ጎን ላይ ሁለት ፊደል አለ፣ ኢ ኢ፣ ኤፍ ኤፍ፣ ጂ ጂ። ይሄ የጥራት ማዕረግ አይደለም፣ ሰበቃው ነው (ዲስኩን የመያዝ አቅሙ በቁጥር)፣ የመጀመሪያዋ ሲቀዘቅዝ ሁለተኛዋ ሲግል። ኢ ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55። ትልቁን ይዤ ልሂድ አይባልም፣ መኪናው ከፋብሪካ ከመጣበት ጋር የሚቀራረበውን ውሰዱ። "አያልቅም" ተብሎ የሚሞገስ ድርቅ ያለ ፓድም እሱ ሳያልቅ ዲስኩን ሊጨርስላችሁ ይችላል። መግጠም ደግሞ ሁሌ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ነው፣ የአንዱን ጎማ ብቻ ቀይሮ መሳብ ጀመረ ብሎ ማማረር የለም። ልክነቱን በሻሲ ቁጥር አረጋግጡ፣ "የዚህ ሞዴል ነው" ብቻ አይበቃም፣ አንድ ሞዴል ሁለት ሶስት አይነት ካሊፐር ይዞ ሊወጣ ይችላል።

ገጠማ ላይ ቶሎ ቶሎ ልበላችሁ። ካሊፐሩን በቱቦው አታንጠልጥሉት፣ በሽቦ እሰሩት። አዲስ ዲስክ የዝገት መከላከያ ቅባት ተቀብቶ ነው የሚመጣው፣ በፍሬን ማጽጃ ይጠረግ። ጎሚኒ በቤንዚን አይታጠብም። አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፉት፣ በተለይ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚሰራ መኪና ላይ የኋላውን ፒስተን በጉልበት ከመግፋታችሁ በፊት በኮምፒውተር ወደ ጥገና ሁኔታ ይግባ፣ አለበለዚያ የእጅ ፍሬኑ ትንሽ ሞተር ሊሰበር ይችላል። አዲስ ፓድ ደግሞ መጀመሪያ ቀን ሙሉ በሙሉ አይዝም፣ መንገድ ባዶ ሲሆን መካከለኛ ፍጥነት ላይ ሆናችሁ ደጋግማችሁ ቀስ ብላችሁ እየያዛችሁ እየለቀቃችሁ ከዲስኩ ጋር አላምዱት።

እና ፓድ ከተቀየረ በኋላ ፒስተኑ ወደ ኋላ ተገፍቷል፣ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው፣ ፔዳሉ እስከ መሬት ይወርዳል። ከጋራዥ በር ላይ ወጥቶ ግድግዳ የሚገጭ ሰው የሚፈጠረው እዚ ጋር ነው። መኪናው ቆሞ እያለ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ፣ ዘይቱን እዩ፣ ማርሽ የሚገባው ከዛ በኋላ ነው።