የዱቄት ወርቅ ማጠቢያ ገንዳ ከአሮጌ ባና

ለደቃቅ ወርቅ የመንዝ ባና (ከበግ ጠጉር የተሠራ ብርድ ልብስ) ሁነኛ ወጥመድ ነው፤ ጠጉሩ ዱቄቱን ይይዛል። መጀመሪያ ግን በሳሙና ደጋግማችሁ እጠቡት፤ ቅባት ካለበት ደቃቁ ወርቅ ይንሳፈፍና ያመልጣል።

ርዝመቱ 120፣ ስፋቱ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጣውላ ገንዳ ሠርታችሁ ባናውን አንጥፉበት። የላይኛው ጫፍ ከታችኛው 8 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። አፈሩን በ3 ሚሊ ሜትር ወንፊት ነፍታችሁ፣ ከላይኛው ጫፍ ውኃ እየለቀቃችሁ በጭልፋ ጨምሩ፤ በአካፋ ከገለበጣችሁ ባናው ይደፈናል።

ወርቅ ወዳለበት አገር ከመውሰዳችሁ በፊት ደብረ ብርሃን፣ በረሳ ወንዝ ዳር ሞክሩት። የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ 20 የእርሳስ ፍቅፋቂዎች ከአሸዋ ጋር ልቀቁ። ከላይኛው ሲሶ ላይ ከቀሩ ደህና ነው። ወደ ታች ከወረዱ ውኃው ፈጥኗል፤ ተዳፋቱን ቀንሱ። እርሳስ መርዝ ነውና ከብት ወደሚጠጣው ወንዝ እንዳይገባ ከገንዳው ሥር ሳፋ ደቅኑ፤ ፍቅፋቂዎቹንም ቆጥራችሁ መልሱ።