ንብ እያለ አበባው ፍሬ አልይዝ ሲል

ቀፎ አስገብቼ ምንም አልተለወጠም የምትሉ፣ እባካችሁ ሌላ ቀፎ ከመግዛታችሁ በፊት መጀመሪያ ፍሬውንና አበባውን ጠጋ ብላችሁ እዩት።

እንጆሪው ከተጣመመ፦ አንዷን አንሱና ላይዋ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ዘሮች ተመልከቱ። ባበጠው በኩል ዘሮቹ ወፈር ብለው ተራርቀዋል፣ በተኮማተረው በኩል ግን ደቃቅ ሆነው ተጨናንቀዋል። ደቃቆቹ የአበባ ዱቄት ያልደረሳቸው ናቸው፣ ዘሩ ካልዳበረ ደሞ ከስሩ ያለው ሥጋ አያብጥም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ብርድ ነው፣ ከ10 ዲግሪ በታች ንብ እምብዛም አትወጣም፣ ስለዚህ ቀፎውን የጠዋት ፀሐይ ቶሎ የሚያገኘው ቦታ አድርጉት። የአበባው መሃል ከጠቆረ ግን ውርጭ መትቶታል፣ እሱን ንብ አታድነውም።

ንቦቹ የግሪንሃውሱን ላስቲክ እየመቱ ጥግ ላይ ካለቁ፦ የመጀመሪያ ሰሞን ትንሽ መሞት ያለ ነው፣ ውጪ የለመዱት አሮጌዎቹ ናቸው። ካላቆመ ላስቲኩን ጠርጥሩ፣ ንብ አልትራቫዮሌት ብርሃን ታያለች፣ እሱን የሚከለክል ላስቲክ ውስጥ መንገድ ይጠፋታል። ስትቀይሩ ሻጩን ጠይቁ፣ እስከዛው ጎን ጎኑን ግለጡላት። ቀፎ ማታ ይግባ፣ ውሃና የስኳር ብጥብጥ አይጥፋ። የኛ ንብ ቁጡ ናት፣ ከከፋትም ጥላ ትሄዳለች፣ ሠራተኛ የሚመላለስበት በር ጋ አታስቀምጧት።

አቮካዶ አበባው እንደ ጉድ ወጥቶ ፍሬ ከሌለው፦ ሀስ የሚባለውን ዝርያ ብቻ ነው የተከላችሁት? የሀስ አበባ ጠዋት በሴትነት ተከፍቶ ይዘጋና በማግስቱ ከሰዓት ወንድ ሆኖ ይከፈታል፣ ፉዌርቴና ኤቲንገር የሚባሉት ዝርያዎች ደሞ ከሰዓት ሴት፣ በማግስቱ ጠዋት ወንድ ናቸው፣ ስለዚህ ጠዋት ንቧ ዱቄቱን ከነሱ አምጥታ ለሀስ ታደርሳለች። የምታመጣበት ዛፍ ከሌለ አስር ቀፎ መደርደር ገንዘብ ማባከን ነው። መሃል መሃል ላይ የፉዌርቴ ቅርንጫፍ ክተቡ፣ ማለትም ቆርጣችሁ ሀሱ ዛፍ ላይ አያይዙ።

ቲማቲም ላይ የማር ንብ ብዙ አትጠብቁ፣ አበባው ወለላ የለውም፣ ዱቄቱም የሚወጣው ሲንቀጠቀጥ ነው፣ ቀትር ላይ ተክሉ የታሰረበትን ገመድ ነቅነቅ አድርጉት። ዘር አልባው የግሪንሃውስ ኪያር ጋ ደሞ ንቧ ጭራሽ አትግባ፣ ከተዳቀለ ዘር ይዞ ይንጋደዳል።

ቀፎው በር ላይ ምላሳቸውን አውጥተው ከረገፉ፦ ብዙ ጊዜ መርዝ ነው። አምና አንድ ጎረቤት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያበበ ማሳ ረጭቶ፣ በእፍኜ እያፈስኩ ነው የሰበሰብኳቸው፣ እስካሁን ያመኛል። አበባ ላይ አትርጩ፣ የግድ ከሆነ ንብ ከገባች በኋላ ማታ ይሁን። ለጎረቤቶቻችሁም ስልካችሁን ስጡና ከርጭቱ በፊት ባለው ማታ ይደውሉላችሁ፣ የቀፎውን በር በወንፊት ሽቦ ዝጉና ጥላና ውሃ አድርጉላቸው።