መብራቱን ያጠፋው ጎረቤት፦ ለመጀመሪያው የሃሎዊን ምሽታችሁ

አሜሪካ ከገባችሁ ይህ የመጀመሪያው ጥቅምታችሁ ከሆነ ሰፈሩ ሰሞኑን ግራ ሳያጋባችሁ አልቀረም። ደረጃው ላይ ዱባ ተደርድሯል። ቁጥቋጦው ላይ የሸረሪት ድር ተዘርግቷል። ሣሩ ላይ የፕላስቲክ አጽም ተጋድሟል። ልጃችሁ ከትምህርት ቤት እየመጣ "እኔ ምን ልልበስ?" ይላል። በዚህ ሰሞን አዲስ የመጡ ወገኖች ደውለው የሚጠይቁኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው። "ከረሜላ ካልሰጠን ጎረቤት ይቀየመናል?"

አይቀየማችሁም። ግን አለመስጠትም የራሱ ወግ አለው። ያንን ካወቃችሁ እናንተም በሰላም ታመሻላችሁ፣ መብራት ያጠፋ ጎረቤታችሁንም በክፉ አታዩትም።

መጀመሪያ ቀኑን እንያዝ። ሃሎዊን ሁልጊዜ ኦክቶበር 31 ነው። በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ላይ ይውላል፣ ማርያም ማለት ነው። ስሙ የመጣው በምዕራቡ ዓለም ኖቬምበር 1 ከሚከበረው የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ነው። ከዚያ በፊት አየርላንድ ውስጥ የመኸር ማብቂያና የክረምት መግቢያ በዓል ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ረሃብ ያፈናቀላቸው አይሪሾች ልማዱን ይዘው አሜሪካ ገቡ። አገራቸው ላይ መብራት የሚያደርጉት ተርኒፕ የሚባለውን ሥር ፈልፍለው ነበር። እዚህ ዱባ በሽበሽ ሆኖ አገኙትና ዱባ ሆነ። ዛሬ ልጆች የፈለጉትን ለብሰው በር ያንኳኳሉ፣ "ትሪክ ኦር ትሪት" ይላሉ፣ ከረሜላ ይቀበላሉ፣ ወደሚቀጥለው ቤት ይሮጣሉ።

ማንም ደፍሮ የማይነግራችሁ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ የሚናገረው የደጅ መብራት ነው። መብራቱ ከበራ "ኑ፣ ከረሜላ አለ" ማለት ነው። ከጠፋ "ዛሬ እለፉን" ማለት ነው። ይህን የአሜሪካ ልጅ በአራት ዓመቱ ያውቀዋል። በወረቀት ስላልተጻፈ ግን እንግዳ ሰው አያውቀውም።

እኔም አላውቀውም ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነበር የምኖረው። ከሥራ ገብቼ እንደወትሮው የደጁን መብራት አብርቼ እራት መሥራት ጀመርኩ። በሩ ተንኳኳ። አንዲት ቢራቢሮና አንድ ትንሽ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ቆመዋል። እቤት ውስጥ ከረሜላ የሚባል የለም። ብርቱካን ነበረኝ፣ እሱን ሰጠኋቸው። እናታቸው ከመንገድ ላይ "ታንክ ዩ" አለችኝ። ከዚያ በሩ መንኳኳቱን አላቆመም። ብርቱካኑ አለቀ። ባዶ እጅ በር መክፈት ለእኛ ሰው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በፈረንጅ ሰዓት 8፡30፣ እየተሸማቀቅኩ ከፈትኩ። መፍትሔው አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ እንደነበረች የነገረችኝ በማግስቱ የሥራ ባልደረባዬ ናት።

በሁለተኛው ዓመት ሌላኛውን ጎን አየሁት። ልጄን አልብሼ ሰፈሩን ዞርን። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት ሽማግሌ ዓመቱን ሙሉ እጃቸውን እያውለበለቡ ሰላም የሚሉን ሰው ናቸው። ያን ምሽት ቤታቸው ድፍን ጨለማ ነበር። ልጄ ከፋው። እኔ ደግሞ ከእሱ የባሰ ነገር አሰብኩ። "ለካ ሰላምታው የአፍ ነው። የእኛን ልጆች ማየት ስላልፈለጉ ነው" አልኩ። ሁለት ሳምንት ያህል ፊት ነሳኋቸው። ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ቅጠል ሲጠርጉ አገኙኝና ራሳቸው ጨዋታ አነሱ። ውሻቸው አርጅቷል። ደወል በተደወለ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፣ ምግብም አይበላም። ስለዚህ በየዓመቱ የዚያን ቀን ማታ ውሻቸውን ጭነው ልጃቸው ቤት ያድራሉ። "የልጅህን ልብስ ሳላየው ቀረሁ፣ ምን ሆኖ ነበር?" ብለው ጠየቁኝ። አፈርኩ። ፎቶውን ከስልኬ አወጣሁላቸው።

ይህን የምነግራችሁ እዚህ አገር ስንመጣ የተዘጋ በርን ቶሎ ወደ ራሳችን ስለምንተረጉመው ነው። የእኛ አገር ልጅነታችንን አስቡት። ቡሄ ሲደርስ በየደጁ እንጨፍር የለ? ሙልሙል የሚሰጥም ነበረ፣ ሳንቲም የሚሰጥም ነበረ፣ የማይከፍትም ነበረ። ለቅሶ ያለበት ቤት ከሆነ እርስ በርስ "ዝም በሉ" ተባብለን፣ ዱላችንን መሬት ሳናስነካ እናልፍ ነበር። ያንን ማን አስተማረን? ሰፈሩ ነው ያስተማረን። እዚህ ግን ጎረቤት ሐዘን ላይ ይሁን አልጋ ላይ አናውቅም። ድንኳን አይተከልም። የጠፋ መብራት ብቻ ነው የምናየው።

ከዚያ መብራት ጀርባ ማን ሊኖር ይችላል? ከሌሊት ተረኛ ሥራ በፊት የምትተኛ ነርስ። ጨቅላ ያስተኛች እናት። ከጦርነት የተመለሰና ድንገት በር ሲንኳኳ የሚደነግጥ ወታደር። ደረጃ መውረድ የሚያቅታቸው አዛውንት። እምነታቸው የማይፈቅድላቸውም ብዙ ናቸው። የይሖዋ ምስክሮች አያከብሩትም። ብዙ አጥባቂ አይሁዶችና ሙስሊሞች፣ ብዙ ክርስቲያኖችም ይተዉታል። የዚህ ወር ወጪ የከበደውም አለ። ማናቸውም ማብራሪያ አይጠየቁም። እናንተም አትጠየቁም።

የእኛ ሰው ውስጥ ይህ በዓል አከራካሪ ነው። አባቶችም ፓስተሮችም ስለ ጨለማ መንፈስ ያስጠነቅቃሉ። በሌላ በኩል ልጁ ከክፍል ጓደኞቹ እንዳይለይ ብቻ ልዕለ ጀግና አልብሶ የሚያወጣ ወላጅ አለ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ አስፈሪ ነገር ቤቴ አላስገባም፣ ለሚያንኳኳ ልጅ ግን እሰጣለሁ። ይህ የእኔ ነው። እናንተ ከንስሐ አባታችሁ፣ ከፓስተራችሁ ወይም ከኡስታዛችሁ ጋር ተመካከሩ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ከወሰናችሁ በኋላ በራችሁ ግልጽ ይሁን። አብርቶ አለመክፈት ነው ሰው የሚያስቀይመው።

አንሰጥም ካላችሁ ይህን አድርጉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በአሜሪካ ሰዓት 5 ላይ፣ የደጁን መብራት ከማብሪያ ማጥፊያው ዝጉት። ሰው ሲያልፍ ወይም ሲመሽ በራሱ የሚበራ መብራት ከሆነና ከውስጥ ማጥፋት ካልተቻለ አምፖሉን ለአንድ ሌሊት ፈታ አድርጉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጋረጃ ጋርዱ፣ ከመንገድ በማይታየው ክፍል አምሹ። ደጃችሁ ላይ ዱባ አይኑር፤ ለጌጥ ያስቀመጣችሁትም ቢሆን ለአንድ ምሽት አስገቡት። ደወሉ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፉ። በእንግሊዝኛ "ኖ ካንዲ፣ ሶሪ" የሚል ይበቃል። "ይህ የሰይጣን በዓል ነው" ብላችሁ አትጻፉ። የሚያነበው የስድስት ዓመት ልጅ ነው።

አፓርትመንት የምትኖሩ ከሆነ ነገሩ ይለያል። የኮሪደሩ መብራት ሁልጊዜ ስለሚበራ አያገለግልም። በብዙ ሕንፃ ቢሮው አስቀድሞ ዝርዝር ያወጣል፣ ወይም በር ላይ የሚለጠፍ የዱባ ሥዕል ያድላል። የለጠፈ ይሰጣል፣ ያልለጠፈ አይንኳኳበትም። ወረቀት በበራችሁ ሥር ከገባ ሳታነቡ አትጣሉት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም አንድ ሕፃን ሊያንኳኳ ይችላል። አለመክፈት ትችላላችሁ። ከከፈታችሁ ግን ፊታችሁ ይፈታ። "ሶሪ፣ ኖ ካንዲ ቱናይት፣ ሃቭ ኤ ጉድ ናይት" በቂ ነው። "ትሪክ ኦር ትሪት" ሲተረጎም "ተንኮል ወይስ ስጦታ" ስለሚመስል የሚፈሩ አሉ። ዛሬ ሰላምታ ብቻ ነው። እንቁላል የሚወረውሩ ጎረምሶች አንዳንድ ቦታ ይኖራሉ፤ እነሱ ግን የሰጠውንም ያልሰጠውንም አይለዩም።

ሕጉን ለሚጠይቁኝ፦ ከረሜላ ስጡ ብሎ ማንንም የሚያስገድድ ሕግ የለም። ደንብ ካለ አብዛኛውን ጊዜ የሚያንኳኳውን ነው የሚገድበው። ቨርጂኒያ ውስጥ የቼሳፒክ ከተማ ከ14 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ እንዳይዞር ደንብ አላት። ኦሃዮ ውስጥ ብዙ ከተሞች የሚዞርበትን ሰዓት ራሳቸው ያውጃሉ። የከተማችሁን ድረ ገጽ እዩ።

ልጆቻችሁን የምታዞሩ ከሆነ ጨለማ ቤት አታንኳኩ። ይህ ከጨዋነትም በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ዮሺሂሮ ሃቶሪ የሚባል የ16 ዓመት ጃፓናዊ ተማሪ ሉዊዚያና፣ ባተን ሩዥ ውስጥ ለሃሎዊን ግብዣ ሲሄድ ቤት ተሳሳተ። የቤቱ ባለቤት መሣሪያ ይዞ ወጣና "ፍሪዝ" አለው። ልጁ ቃሉ የገባው አይመስልም፣ ወደ ፊት ተራመደ። ተተኩሶበት ሞተ። ለማስፈራራት አይደለም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች በየዓመቱ በሰላም ይገባሉ። ግን ልጃችሁ "ፍሪዝ" ማለት "ባለህበት ቁም" ማለት እንደሆነ ይወቅ። እናንተም እወቁት። የማናውቀው ሰው ጓሮ በአቋራጭ አይታለፍም። በሩ ካልተከፈተ ሁለተኛ አይደወልም።

ከረሜላው ተመርዞ ይሆን የሚለው ፍርሃት ግን ብዙም አያስጨንቃችሁ። ጆኤል ቤስት የሚባሉ የደላዌር ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂስት ለብዙ ዓመታት ተከታትለውት፣ እንግዳ ሰው በሃሎዊን ከረሜላ የገደለው አንድም ልጅ አላገኙም። ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበኝ መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት የ42 ዓመት መረጃ አይቶ፣ በሃሎዊን ምሽት እግረኛ በመኪና ተገጭቶ የመሞት አደጋ ከሌሎች ቅርብ ምሽቶች በ43 በመቶ ከፍ እንደሚል አግኝቷል። ኡበርና ታክሲ የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ በአሜሪካ ሰዓት ከ5 እስከ 9 ድረስ የመኖሪያ ሰፈር ውስጥ በዝግታ ሂዱ። ዋሽንግተን አካባቢ ያን ቀን ፀሐይ የምትጠልቀው ከ6 ሰዓት በኋላ ወዲያው ነው። ልጆቹ ጥቁር ለብሰው፣ ጭንብል ዓይናቸውን ጋርዶት፣ ከቆሙ መኪናዎች መሀል ነው የሚወጡት።

እንሰጣለን ለምትሉም ሁለት ነገር ልበል። ቤት የተሠራ ዳቦ ቆሎ ወይም ብስኩት አትስጡ፣ ወላጆች የታሸገ ካልሆነ ይጥሉታል። ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ ብዙ ስለሆነ እርሳስ ወይም ተለጣፊ ሥዕል ቢኖራችሁ ደስ ይላቸዋል። ደጃፍ ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ዱባ ካያችሁ ትርጉሙ "እዚህ ቤት የማይበላ ስጦታም አለ" ነው። የራሳችሁ ልጅ ይዞ የገባውን ደግሞ እዩለት። ተለጣጭ ከረሜላና ማርሽማሎ ብዙ ጊዜ ጄላቲን አለበት፣ ጄላቲኑም ከአሳማ ሊሆን ይችላል። የጽጌን ጾም የምትይዙ ደግሞ ወቅቱ መሀል ስለሆነ ወተት ያለበትን ቸኮሌት ለይታችሁ አስቀምጡ።

ልጃችሁን ላለማዞር ከወሰናችሁ ቀድማችሁ ንገሩት እንጂ በዕለቱ ማታ አይስማው። ለአስተማሪዋ አጭር ማስታወሻ ላኩ፣ ክፍል ውስጥ ሌላ ሥራ ይሰጡታል። ማታውን ባዶ አታድርጉበት። አንዳንድ የእኛ አብያተ ክርስቲያናት ያን ምሽት የልጆች ፕሮግራም ያዘጋጃሉ። ከሌለ ፒዛ አዛችሁ ቡሄ ምን እንደሚመስል አውሩት። የእኔ ልጅ "እናንተም ታንኳኩ ነበር?" ብሎ ለግማሽ ሰዓት ጠይቆኛል።

ፊት ለፊታችን ያሉት ሽማግሌ ዘንድሮም ይሄዳሉ። አሁን ተነጋግረናል። ልጄ ሳይመሽ የለበሰውን ለብሶ ሊያሳያቸው ይሻገራል፣ እሳቸውም የመኪናቸውን በር ይዘው ቆመው ያዩታል። የመጨረሻዎቹ ልጆች ከመንገዱ ሲጠፉ እኔ "መንገዱ ጭር ብሏል" ብዬ ቴክስት አደርግላቸዋለሁ። ልጃቸው ቤት ሳያድሩ ውሻቸውን ይዘው ይመለሳሉ።