ትንሽ አውትቦርድ ሞተር በሸራ ጀልባ ላይ በትክክለኛው ጥልቀት እንዴት ይገጠማል?

አውትቦርድ ከጀልባ ኋላ በውጭ በኩል የሚታሰር ሞተር ነው። ከፕሮፔለሩ (ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባዋን ከሚገፋው ክፍል) በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፍ ሥራው አየር ወደ ፕሮፔለሩ እንዳይሳብ መከልከል ነው። በፈጣን የሞተር ጀልባ ላይ ይህ ክንፍ ከጀልባዋ ሆድ ጋር እኩል ይደረጋል። የሸራ ጀልባ ግን ሞገድ በመጣ ቁጥር ኋላዋ ብድግ ስለሚል መለካት ያለበት ከውሃው ገጽ ነው። ጀልባዋ ቆማ ሳለ ክንፉ ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ ይግባ።

1. ጀልባዋን ውሃ ላይ እንዳለች እንደ ጉዞ ቀን ይጫኗት፤ ሞተሩን የሚያህል ክብደትም ኋላዋ ላይ ያስቀምጡ። ውሃው የኋላ ግድግዳዋን የነካበትን ቦታ በቴፕ ምልክት ያድርጉ። ቀጥሎ አንድ ሰው እስከ ጫፍ ወደ ፊት ይሂድና ሁለተኛ ምልክት ያድርጉ። ይህን ማንም ሊዘለው አይገባም፤ መልሕቅ ለመጣል ሰው ወደ ፊት የሚሄደው ሞተሩ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ክንፉ ያን ጊዜም ከውሃ በታች መቆየት አለበት።

2. የሞተሩን እግር ይለኩ። ከማሰሪያው መቀመጫ እስከ ክንፉ ድረስ አጭሩ 38፣ ረጅሙ 51፣ በጣም ረጅሙ 63.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ክንፉ 15 ሴንቲ ሜትር እንዲጠልቅ ከተፈለገ፣ ባለ 51ዱ ሞተር የሚታሰርበት የብራኬት (በኋላ ግድግዳው ላይ የሚገጠም፣ ሞተሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማንጠልጠያ) ጫፍ ወርዶ ሳለ ከውሃው 36 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በአጭሩ እግር ግን 23 ብቻ ስለሚቀር ሞተሩ ራሱ ለሞገድ ይጋለጣል። ለሸራ ጀልባ ረጅሙን እንመርጣለን።

3. ከፍና ዝቅ የሚል ብራኬት ይምረጡ፤ የሞተሩን ክብደትና ጉልበት መሸከሙን ያረጋግጡ። ከመብሳትዎ በፊት በቦታው ይዘው ይሞክሩት፦ ሲነሳ እግሩ ሙሉ በሙሉ ከውሃ ይወጣል? መሪው እስከ ጥግ ሲዞር ከፕሮፔለሩ ጋር አይጋጭም?

4. ቀዳዳዎቹን በትራፓኖ ይብሱ። ግድግዳው ውስጡ እንጨት ከሆነ የቀዳዳውን ዙሪያ ኢፖክሲ በሚባለው ውሃ የማያስገባ ሙጫ ይሸፍኑ፤ አለዚያ ውሃ ገብቶ ያበሰብሰዋል። የማይዝግ ብሎን በማሸጊያ ቀብተው ያስገቡ፤ ከውስጥ በኩል ሰፊ የአሉሚኒየም ላሜራ፣ ሮንዴላና ዳዶ ይግባ። ላሜራው ከሌለ ንዝረቱ ግድግዳውን ሊሰነጥቅ ይችላል።

5. ሞተሩን ሰቅለው ሁለቱን ማሰሪያዎች እኩል ያጥብቁ፤ በጠንካራ ገመድም ከጀልባዋ ጋር ይሰሩት። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ እንደገና ያጥብቁ፤ በንዝረት ይላላሉ።

አሁን በሙሉ ጉልበት እየሄዱ አንድ ሰው ወደ ፊት ይላኩ። ድምፁ በድንገት ከጮኸና ግፊቱ ከጠፋ ፕሮፔለሩ አየር ስቧል። ወዲያው ነዳጁን ይቀንሱ፤ የማቀዝቀዣው ፓምፕም አየር ከሳበ ሞተሩ ይግላል። ብራኬቱን ዝቅ ያድርጉ። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ የሚጠፋ ወይም አልነሳ የሚል ከሆነ ግን ከመጠን በላይ ጠልቆ፣ ከክንፉ በላይ ያለችውን ትንሿን የጭስ መውጫ ውሃ ሸፍኗት ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት ከፍ አድርገው ይሞክሩ።