ማርሽ አልገባ ሲል ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት፦ የሃይድሮሊክ ፍሪሲዮን ችግርና መፍትሔ

በጅማና በዙሪያዋ ከሚሠሩ ባለማንዋል ማርሽ ተሽከርካሪዎች፣ ከቶዮታ ሃይሉክስና ከሃይስ ሚኒባስ ጀምሮ እስከ አይሱዙ የጭነት መኪና ድረስ፣ አብዛኞቹ ፍሪሲዮናቸው (ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ የሚያላቅቀው ክፍል) የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የላይኛው ፓምፕ የፍሬን ዘይቱን በቱቦ ወደ ታች ይገፋል፤ ካምቢዮው ጎን የታሰረው የታችኛው ፓምፕ ዘንጉን አውጥቶ ሹካውን ይገፋል፤ ሹካው በበኩሉ ኩሽኔታውን ሸራውን በሚጫነው ፕሬዠር ፕሌት ላይ ሲያሳርፍ ሸራው (የፍሪሲዮኑ ዲስክ) ከሞተሩ ጋር ከሚሽከረከረው ቮላኖ ይላቀቃል። ከእነዚህ አንዱ ሲደክም የሚያሳየው ምልክት ከሌላው ጋር ስለሚመሳሰል፣ ብዙ ጊዜ ምርመራ ሳይደረግ ካምቢዮ ይወርድና ገና የሚያገለግል ሸራ ይቀየራል፤ መኪናው ሲገጣጠም ግን ችግሩ እንዳለ ይገኛል። የቤተሰብ መተዳደሪያ የሆነ ፒክአፕ በቡና ለቀማ ወቅት ያለ ምክንያት ለቀናት መቆሙ ከባድ ኪሳራ ነውና፣ ይህ ጽሑፍ አጥብቆ የሚያሳስበው ካምቢዮው ከመነካቱ በፊት የዘይቱ ክፍል በሚገባ እንዲመረመር ነው።

በመጀመሪያ የታችኛው ዘንግ ይለካ

መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ጎማዎቹ ታኮ ይደረግላቸው፤ ሞተሩም ይጥፋ። አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ሲረግጥ፣ ሌላው ከታችኛው ፓምፕ የሚወጣው ዘንግ ስንት ሚሊሜትር እንደተጓዘ በማስመሪያ ይለካ። ዘንጉ በቂ ርቀት ተጉዞም ማርሹ የሚያስቸግር ከሆነ፣ ጥፋቱ በሸራው፣ በፕሬዠር ፕሌቱ፣ በሹካው ወይም በኩሽኔታው ነውና ካምቢዮውን ማውረድ ግድ ይሆናል። ዘንጉ በጥቂቱ ብቻ ከተንቀሳቀሰ ግን ችግሩ ያለው ከፔዳሉ እስከ ታችኛው ፓምፕ ባለው ክፍል ነው፤ ካምቢዮውን ማውረድ አያስፈልግም።

በቂ የሚባለው ርቀት እንደ ፓምፖቹ የውስጥ ስፋት ይለያያል። ለምሳሌ የላይኛው ፓምፕ የውስጥ ስፋት 15.87 ሚሊሜትር፣ የታችኛው 19.05 ሚሊሜትር ቢሆን፣ የላይኛው ፒስተን 25 ሚሊሜትር ሲጓዝ የታችኛው ዘንግ 17 ሚሊሜትር ያህል መውጣት አለበት። እንዲህ ባለ መኪና ላይ ልኬቱ 9 ወይም 10 ሚሊሜትር ካሳየ ግፊቱ መንገድ ላይ እየጠፋ ነው ማለት ነው። ልኬቱን በወረቀት መያዝ ያስፈልጋል፤ ከጥገናው በኋላ ለማመሳከር ይጠቅማል።

ፔዳሉ ወለል ሲነካና የኋላ ማርሽ ሲንጫጫ

ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ሳይላቀቅ ሲቀር ምልክቱ ቀድሞ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ በኋላ ማርሽ ላይ ነው፤ በብዙ ካምቢዮዎች የኋላው ማርሽ ፍጥነትን የሚያስማማ ቀለበት የለውምና። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ጥቂት ሰከንዶች ከተጠበቀ በኋላም የኋላው ማርሽ እየተንጫጫ ከገባ፣ ፍሪሲዮኑ እየጎተተ ነው።

ምክንያቱን ለመለየት ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ ይጠቅማል። በመጀመሪያ ለስልሶ ከተደጋገመ በኋላ ከፍ ብሎ የሚይዝ ከሆነ መስመሩ ውስጥ አየር አለ፤ አየሩ የገባበት ቀዳዳ ደግሞ መፈለግ አለበት፤ አየር ብቻ አውጥቶ መሸኘት ባለንብረቱን መልሶ ያመጣዋል። በአንጻሩ ፔዳሉ በዝግታ ተረግጦ ሲያዝ ቀስ እያለ የሚሰምጥ፣ ዘይቱም በየትም የማይንጠባጠብ ከሆነ፣ የላይኛው ፓምፕ የውስጥ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ጎማ) አልቆ ዘይቱ በፒስተኑ ጎን ወደ ኋላ እያለፈ ነው፤ መፍትሔውም ፓምፑን መቀየር ነው።

የሚታይ ፍሳሽ ሲፈለግ ከማይታየው ቦታ መጀመር ይበጃል። ከፔዳሉ በላይ ያለው ዘንግ በሞተሩና በሾፌሩ ክፍል መካከል ካለው ግድግዳ በሚወጣበት ቦታ እርጥበት ካለ የላይኛው ፓምፕ የኋላ ጎሚኒ አልቋል፤ ብዙ ጊዜ ዘይቱ ምንጣፉ ሥር ስለሚገባ ሳይታወቅ ይቆያል። ከታች ደግሞ የፓምፑ አቧራ መከላከያ ጎማ በጥንቃቄ ይገለጥ፤ ከውስጡ ዘይት ከፈሰሰ የታችኛው ፓምፕ አብቅቶለታል። በክረምት በዴዶና በሊሙ አቅጣጫ ጭቃ ውስጥ የሚውሉ መኪኖች ይህ ጎማ ሲቀደድባቸው ጭቃና ውሃ ገብቶ የፓምፑን ግድግዳ ያዝገዋል። የተበላሸው ግድግዳ ላይ አዲስ ጎሚኒ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው፤ ጥፍር ሲያልፍበት የሚሻክር ወይም ጉድጓድ ያለው ፓምፕ ሙሉ በሙሉ ይቀየር።

ፔዳሉ ሲከብድ ወይም ሸራው በዳገት ሲንሸራተት

ወደ ጅሬን በሚወስደው ዳገት ላይ የሞተሩ ድምፅ ከፍ እያለ መኪናው ግን የማይፈጥን ከሆነ ሁሉም ሰው የሚጠረጥረው ሸራውን ነው። ብዙ ጊዜም ትክክል ነው። ነገር ግን መስመሩ ውስጥ የታፈነ ግፊት ሸራውን በግማሽ አላቆት ሊሆን ይችላል፤ ይህን ለመለየት መንሸራተቱ እንደታየ መኪናውን አቁሞ የታችኛውን ፓምፕ የአየር ማውጫ ብሎን ለአፍታ መክፈት ነው። ዘይቱ በግፊት ተፈናጥሮ ፍሪሲዮኑ ወዲያው ከያዘ ሸራው ጥፋት የለበትም። ተጠያቂው ውስጡ አብጦ ዘይቱን ወደ ላይ አልመልስ ያለ የጎማ ቱቦ ወይም የፔዳሉ ዘንግ ያለ ክፍተት መታሰሩ ነው። ዘንጉ ክፍተት ካጣ ፒስተኑ ወደ ቦታው ስለማይመለስ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባት የላይኛው ፓምፕ ቀዳዳ እንደተዘጋች ትቀራለች። በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ይህ ክፍተት ፔዳሉ ጫፍ ላይ ሲለካ ከ1 እስከ 5 ሚሊሜትር ነው።

ፔዳሉ በጣም ከከበደ ግን የፕሬዠር ፕሌቱ ወይም የሹካው ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል ምርመራው ወደዚያ ያመራል።

ዕቃ ሲገዛ

አሮጌው ፓምፕ ተፈትቶ ሳይያዝ ወደ መለዋወጫ መደብር መሄድ አይገባም። በብዙ ፓምፖች አካል ላይ 5/8 ወይም 3/4 የሚል የኢንች ቁጥር ይነበባል፤ አዲሱ ይኸው ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ የታችኛው ፓምፕ 20.64 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ቢተካ፣ የዘንጉ ጉዞ ከ17 ወደ 15 ሚሊሜትር ያህል ይወርዳል፤ ብሎኑ ልክ ገጥሞ፣ ቱቦው ታስሮ፣ ማርሹ ግን ይንጫጫል። ዕቃው 350 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከአዲስ አበባ የሚታዘዝ ከሆነ የቁጥሩን ፎቶግራፍ መላክ የመመለስን ጣጣ ያስቀራል።

ዘይቱን በተመለከተ በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈው ይከበር፤ አብዛኞቹ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚሉ የፍሬን ዘይት ደረጃዎችን ይጠቅሳሉ። የሞተር ወይም የካምቢዮ ዘይት አንድ ጊዜ እንኳ ከተጨመረ ጎሚኒዎቹን ሁሉ ያሳብጣል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ የዶት 3 ዝቅተኛ የመፍያ ነጥብ አዲስ ሲሆን 205፣ ውሃ ሲጠጣ ግን 140 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የጅማ አየር እርጥብ በመሆኑ ተከፍቶ የከረመ ዘይት መጠቀም የሚመከር አይደለም። ጭስ ማውጫው አጠገብ ያለ የታችኛ ፓምፕ መኪናው ሲግል ብቻ ፔዳሉን የሚያለሰልስ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አሮጌ ዘይት ነው።

መቀየርና አየር ማውጣት

ከመፍታት በፊት አሮጌው ዘይት ከማጠራቀሚያው ይመጠጥ፤ ዘይቱ ቀለም ስለሚልጥ የሚንጠባጠብበት ሁሉ በጨርቅ ይሸፈን፤ የፈሰሰውም ወዲያው በውሃ ይታጠብ። የብረት ቱቦው ነት፣ ብዙ ጊዜ 10 ቁጥር፣ ዙሪያውን በሚይዝ የቱቦ ቁልፍ ይፈታ፤ በፒንሳ ወይም በተራ ቁልፍ ከተፈታ ማዕዘኑ ይበላና ቱቦውንም መቀየር ይመጣል። አንዱ ፓምፕ በእርጅና ከፈሰሰ ሌላው ተመሳሳይ ዕድሜ ስላለው ሁለቱንም ከጎማ ቱቦው ጋር አብሮ መቀየር፣ አቅም ከፈቀደ፣ የተሻለ ነው።

አዲሱ የላይኛ ፓምፕ ቱቦው ከመታሰሩ በፊት ዘይት ተሞልቶ ፒስተኑ በዝግታ ይገፋ፤ ይህ ካልተደረገ ውስጡ የሚቀረው አየር ከታች በቀላሉ አይወጣም። ከዚያ የአየር ማውጫው ብሎን ላይ ግልጽ የሆነ ቀጭን ቱቦ ተሰክቶ ጫፉ ንጹሕ ዘይት ባለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ይጠመቅ። ረዳቱ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ረግጦ ይያዝ፤ ብሎኑ ይከፈት፤ ዘይቱ ከወጣ በኋላ ይዘጋ፤ ፔዳሉ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። ይህ አረፋው እስኪጠፋ ይደጋገማል፤ የማጠራቀሚያው ዘይት ፈጽሞ አይለቅ፤ ካለቀ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

በዚህ መንገድ አልወጣ ያለ አየር ካለ ከታች ወደ ላይ መግፋት ይሞከር፤ አየር በተፈጥሮው ወደ ላይ ይሄዳልና። ከፋርማሲ የተገዛ አዲስና ትልቅ ሲሪንጅ ንጹሕ ዘይት ተሞልቶ በቱቦ ከአየር ማውጫው ጋር ይገናኝ፤ ብሎኑ ተከፍቶ ዘይቱ በዝግታ ይገፋ፤ ማጠራቀሚያው እንዳይሞላና እንዳይፈስ ረዳቱ ከላይ ይጠብቅ። በመጨረሻም የዘንጉ ጉዞ እንደገና ይለካና ከመጀመሪያው ልኬት ጋር ይነጻጸር።

በአንዳንድ የአሜሪካ ስፖርት መኪኖች፣ ለምሳሌ ከእ.ኤ.አ. 2005 ሞዴል ወዲህ ባሉት ባለማንዋል ፎርድ ማስታንጎች፣ የታችኛው ፓምፕ ያለው በካምቢዮው ውስጥ የግቤት ዘንጉን ከብቦ ነው፤ ዘይቱንም ከፍሬኑ ጋር በአንድ ማጠራቀሚያ ይጋራል። ለእነዚህ የዘንግ ልኬቱ ስለማይቻል በካምቢዮው ሥር የሚታይ የፍሬን ዘይት ዋናው ምልክት ነው፤ ካምቢዮው በማንኛውም ምክንያት ከወረደም ፓምፑን አብሮ መቀየር ተገቢ ነው።

ከጥገናው በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የዘይቱ መጠን በየጠዋቱ ይታይ። የራሱ ማጠራቀሚያ ባለው የሃይድሮሊክ ፍሪሲዮን ሸራው እያለቀ ሲሄድ የታችኛው ፒስተን ወደ ውስጥ ስለሚገፋ ዘይቱ በመጠኑ ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም። ስለዚህ ከወረደ ጨምሮ መቀጠል አይበቃም፤ የቱቦው መጋጠሚያ፣ የአየር ማውጫው ብሎንና የሁለቱ ፓምፖች ጎማዎች በደረቅ ጨርቅ ተጠርገው እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ይፈለግ።